ባቲ ላይ የኖረው ሳጥን ወገል ጤና ላይ ለምን ተቃጠለ?

ጥያቄው ከሐይቅ ከተማ ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ትንሽ የጥገና ሱቅ አለኝ። ለገጠር ቤት በ12 ቮልት የሚሠራ የኤልኢዲ መብራት እገጣጥማለሁ። ባለ 50 ዋት ፓኔል፣ ርካሽ ኮንትሮለር (ፓኔሉ ባትሪውን ሲሞላ የሚቆጣጠረው)፣ አንድ ድፍን ባትሪና ሦስት አምፖል ነው። አምፖሉ ውስጥ ሦስት ባለ 1 ዋት ኤልኢዲና ፒቲ4115 ድራይቨር (ለኤልኢዲው የሚሄደውን ጅረት የሚወስነው ቺፕ) አለ። ከኮንትሮለሩ መውጫ ቀጥሎ መከላከያ ሳጥን አደርጋለሁ። ውስጡ 5 አምፔር የብርጭቆ ፊውዝና ኤስኤምቢጄ18ኤ የሚባል ቲቪኤስ ዳዮድ (ድንገት የዘለለ ቮልቴጅን የሚውጥ ዳዮድ) ነው ያለው። ባቲ የተከልኩት ዓመት አልፎታል፤ ምንም አልሆነም። ወገል ጤና የተከልኩት ግን በሁለት ወሩ ቲቪኤሱ ከሰል ሆኖ ለሁለት ተሰንጥቆ አገኘሁት። ከዚያም ሁለት አምፖል ተራ በተራ ሞተ። የሚገርመኝ ፊውዙ ደኅና ነው። ባለቤቱ አንዳንድ ቀን ጠዋት ባትሪውን ነቅሎ ወደ ሱቁ ይወስደዋል። ትልቅ ቲቪኤስ ልግዛ ወይስ ፊውዙን ላሳንሰው? ከተበላሸ ፓወር ሰፕላይ ያወጣኋቸው 14ዲ471 የሚሉ ሰማያዊ ክብ ነገሮችስ ይሆኑኛል? ሞስፌት (እንደ ማብሪያ የሚሠራ ትራንዚስተር) ያስፈልጋል የሚሉኝም አሉ። ይኸው ሳጥን ለባጃጅ ይሠራ እንደሆነም ይንገሩኝ።»

አብሽር ወንድሜ። ሥራህ መጥፎ አይደለም። መከላከያ ብሎ አስቦ ሳጥን የሚሠራ ሰው እኔ እዚህ ኮምቦልቻ እንኳ ብዙ አላየሁም። የሳትከው አንድ ቁጥር ነው። ችግሩ፣ ያቺ ቁጥር ሌሎቹን ሁሉ ጎትታ ትሄዳለች።

መጀመሪያ እንቆቅልሹን እንፍታው። ሳጥኑ አንድ ዓይነት፣ ዕቃው አንድ ዓይነት። ባቲ ላይ ይኖራል፣ ወገል ጤና ላይ ይሞታል። ወገል ጤናን ሰው በኦፓሏ ያውቃታል። እኔ የማውቃት በብርዷ ነው። ቲቪኤስህን የገደለውም ብርዱ ነው ብልህ አትሳቅ።

«ባለ 12 ቮልት ፓኔል» የሚባለው ስሙ ነው እንጂ 12 ቮልት የለውም። ምንም ሳታስርበት ፀሐይ ላይ አውጥተህ በቴስተር ብትለካው 22 ቮልት ገደማ ያሳይሃል። ባትሪ እስከታሰረበት ድረስ ይህ ቮልቴጅ አይታይም። ባትሪው ጎትቶ ወደ 13ና 14 ያወርደዋል። ባትሪው ሲነቀል ያዡ ጠፋ። ደህና ኮንትሮለር ይህን አይቶ የመብራቱን መውጫ ይዘጋል። ርካሹ ግን የፓኔሉን ቮልቴጅ እንዳለ ወደ መብራቱ መስመር የሚለቅበት ጊዜ አለ። ሰውየው ጠዋት ባትሪውን ይዞ ሱቅ ሲሄድ፣ ያንተ ሳጥን ከፓኔሉ ጋር ብቻውን ይቀራል ማለት ነው።

ሙቀቱን ደግሞ ጨምርበት። ፓኔል ጀርባ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የ25 ዲግሪ ነው። ከዚያ በታች በወረደ ቁጥር ቮልቴጁ በየዲግሪው 0.3 በመቶ ያህል ይጨምራል። በጋለ ቁጥር ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በታኅሣሥ ውርጭ ፓኔሉ 5 ዲግሪ ላይ እያለ የደጋ ፀሐይ ቦግ ስትልበት አስበው። የ20 ዲግሪ ልዩነት አለ፤ 6 በመቶ ነው። 22ቱ 23.3 ቮልት ሆነ። ባቲ ደግሞ ቆላ ነው። ፓኔሉ ቆርቆሮ ላይ ተኝቶ 60 ዲግሪ ቢደርስ አይገርምም። 35 ዲግሪ ጋለ፣ 10 በመቶ ተኩል ቀነሰ። 22ቱ ወደ 19.7 ወረደ።

አሁን የኤስኤምቢጄ18ኤን መረጃ ወረቀት አውጣ። 18 ቮልት እስኪደርስ ዝም ይላል። የሚነቃው ከ20 እስከ 22.1 ባለው መሃል ነው። የባቲው 19.7 አይቀሰቅሰውም። የወገል ጤናው 23.3 ግን አያስተኛውም። ባትሪው በተነቀለ ቁጥር ቲቪኤስህ ፀሐይን ብቻውን ሊሸከም ይሞክር ነበር።

«600 ዋት ነው ተብዬ የገዛሁት!» ትል ይሆናል። ልክ ነህ፣ 600 ዋት ነው። ግን ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ያህል ነው። ቲቪኤስ የተሠራው ብልጭ ብሎ ለሚጠፋ ነገር ነው። ያለማቋረጥ ሲሆን ጥቂት ዋት ነው የሚችለው፤ ያውም ሙቀቱን የሚወስድለት ሰፊ መዳብ ቦርዱ ላይ ካገኘ። ከፓኔሉ 1 አምፔር ብቻ ቢያልፍበት 20 ዋት በላይ ነው። ካውያ ላይ እንደማስቀመጥ ቁጠረው። ቲቪኤስ ሲሞት መጀመሪያ ሾርት ይሆናል። ሙቀቱ ከቀጠለ ይሰነጠቅና መስመሩ ይቆረጣል። ያኔ መብራቱ እንደ ልማዱ ይበራል፣ ባለቤቱም ምንም አያውቅም። ጠባቂው ግን ሞቷል። ሁለቱ አምፖሎች ተራ በተራ የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ፊውዙ ለምን ደኅና ሆነ? ባለ 50 ዋት ፓኔል ሁለቱን ጫፍ አገናኝተህ ሾርት ብታደርገው እንኳ የሚሰጠው 3 አምፔር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የለውም። 5 አምፔር ፊውዝ በ3 አምፔር እስከ ዕለተ ሞቱ አይቃጠልም። ብዙ ሰው ፊውዝ ሁሉን ያያል ብሎ ያስባል። ፊውዝ ቮልቴጅ አያውቅም። የሚያውቀው የሚያልፍበትን አምፔር ብቻ ነው። የተቀመጠውም ሽቦው ግሎ ቤት እንዳያቃጥል ነው። ኤልኢዲን ያድናል ብለህ ከሆነ ያስቀመጥከው፣ ኤልኢዲው ቀድሞ ሞቶ ፊውዙን ያድነዋል።

ስለዚህ «ትልቅ ቲቪኤስ ልግዛ?» ላልከው መልሴ አይደለም ነው። ባለ 1500 ዋቱን ብትገዛ ከስሎ የሚያልቀው ትንሽ ቆይቶ ነው። የሚለወጠው ዋቱ ሳይሆን ቮልቱ ነው።

የቮልት አመራረጡ እንደ ደረጃ ነው። ታች ያለው የምንጭህ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ ባንተ ቤት 23.3። ቲቪኤሱ ዝም የሚልበት ቁጥር ከዚያ በላይ ይሁን። የቲቪኤሱ ጣሪያ፣ ማለትም ክፉ ማዕበል ሲመጣ የሚይዝበት ቮልቴጅ፣ ከኋላው ያለው ዕቃ ሁሉ ከሚችለው በታች ይሁን። በዚህ መሃል የሚገባ ቲቪኤስ ካገኘህ ጨረስክ። ካላገኘህ ጥፋቱ የቲቪኤሱ አይደለም። ከኋላው ያለው ዕቃ አቅመ ደካማ ነውና እሱን ቀይር።

ያንተን እንሞክረው። ኤስኤምቢጄ24ኤ 24 ቮልት ድረስ ዝም ይላል። 26.7 አካባቢ መንቃት ይጀምራል። ሙሉ ጡጫ ሲያርፍበት፣ 15.4 አምፔር ማለት ነው፣ 38.9 ቮልት ላይ ይይዛል። ፒቲ4115 በሥራ ላይ ከ6 እስከ 30 ቮልት ነው የሚባለው። የማይታለፈው ድንበሩ ግን 45 ቮልት ነው። 38.9 ከ45 በታች ነው፤ ለአንድ አፍታ ይችለዋል። ገጠመ። ገበያ ላይ የፒቲ4115 ስም የተጻፈበት ሁሉ ፒቲ4115 እንዳልሆነ ግን አንተም ታውቃለህ። ከመጣልህ ጥቅል አንዱን መሥዋዕት አድርገህ 30 ቮልት ስጠውና ግማሽ ቀን አቆየው።

አሁን ብዙዎች የሚወድቁበት ቦታ ደረስን። ድራይቨሩ ቻለው ማለት ቦርዱ ቻለው ማለት አይደለም። ከድራይቨሩ አጠገብ ያለችውን ሾትኪ ዳዮድ (ስታሳልፍ ትንሽ ቮልት ብቻ የምትበላዋን ዳዮድ) እያት። አብዛኛው የተሠራ ቦርድ ላይ ኤስኤስ34 ናት፤ 40 ቮልት ነው የምትችለው። የመግቢያው ቮልቴጅ እንዳለ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው። ጣሪያህ 38.9፣ እሷ 40። ይኼ በክር ላይ መራመድ ነው። ኤስኤስ36 አድርጋት፣ 60 ቮልት ትችላለች፤ የዋጋው ልዩነት የሚወራለት አይደለም። የመግቢያውን ካፓሲተር ደግሞ እይ። 25 ቮልት ተጽፎበት ከሆነ አውጣው። 50 ቮልት የሚል፣ 100 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮሊቲክ ተካበት። የሞቱትን ሁለት አምፖሎች ስትከፍት ሾርት የሆነች ሾትኪ ብታገኝ አልደነቅም።

ካፓሲተሩን ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። አምፖሉ በረት ውስጥ ተሰቅሎ ሽቦው 15 ሜትር ሊሄድ ይችላል። መግቢያው ላይ ያለው ትንሿ ሴራሚክ ካፓሲተር ብቻ ከሆነች፣ ማብሪያው በተጫነ ቁጥር ቮልቴጁ ዘሎ ለቅጽበት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። 14 ቮልት የነበረው 28 ይሆናል። ረጅሙ ሽቦና ሴራሚኳ እየተጋፉ የሚያመጡት መወዛወዝ ነው። ኤሌክትሮሊቲክ በተፈጥሮው ትንሽ ሬዚስታንስ ስላለው ይህን ያረግበዋል። አሮጌና «ኋላ ቀር» ነው ብለህ አትናቀው። በየአምፖሉ አንድ አንድ አድርግ።

ዕቃ ፍለጋ ደሴ ስትወጣ ከዚህ ወጥመድ ተጠንቀቅ። ኤስኤምቢጄ ሲባል ቁጥሩ ዝም የሚልበት ቮልቴጅ ነው። ፒ6ኬኢ የሚባለው፣ እግር ያለውና ጥቁር በርሜል የሚመስለው፣ ቁጥሩ የሚነቃበት ቮልቴጅ ነው። ሁለቱም 600 ዋት ናቸው። ሻጩ «ያው ነው» ይልሃል። ያው አይደለም። ፒ6ኬኢ24ኤ ብትገዛ ዝም የሚለው እስከ 20.5 ቮልት ብቻ ነው። ወገል ጤና ላይ እንደገና ከሰል ትሰበስባለህ። ከዚያ ቤተሰብ የሚሆንህ ፒ6ኬኢ30ኤ ነው። እስከ 25.6 ዝም ይላል፣ 41.4 ላይ ይይዛል። ከ45 በታች ስለሆነ ይሄዳል፤ ትርፉ ግን ጠበብ ያለ ነው። እኔ ኤስኤምቢጄውን እመርጣለሁ። እግር ያለው ግን በእጅ ለመበየድ ይመቻል፣ ያንን አልክድም።

የስሙ መጨረሻ ላይ «ኤ» ብቻ ካለ አንድ አቅጣጫ ነው፤ «ሲኤ» ካለ ሁለት አቅጣጫ። አንድ አቅጣጫው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሲገለበጥ እንደ ተራ ዳዮድ ያሳልፋል። ይህን እዚያው አስታውሰው፣ አሁን እመለስበታለሁ።

ቲቪኤስ ስታጣ ባለ 1 ዋት ዜነር እንዳትተካ። ዜነር ቮልቴጅ ለመለካትና ትንሽ ነገር ለማረጋጋት ነው የተፈጠረው። ማዕበል ሲመጣበት የወንዝ ጎርፍን በእጅ መዳፍ እንደ መመለስ ነው።

ሰማያዊዎቹ ክቦች ቫሪስተር ናቸው። እንዳገኘሃቸው ደስ ብሎህ ነበር መሰለኝ፣ አዝናለሁ። 14 ማለት ስፋቱ በሚሊሜትር ነው። 471 ማለት 47 እና አንድ ዜሮ፣ 470 ቮልት። የሚነቃው 470 ቮልት ላይ ነው። በ220 ቮልት መስመር ላይ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ጡጫ ለመቀበል ነው የተሠራው። 12 ቮልት ላይ ብትሰቅለው ቤትህ ሲዘረፍ ደብረ ብርሃን ላይ የሚጮህ ውሻ ነው። አትጣላቸው ግን። የሰው ቻርጀር ስትጠግን መግቢያው ላይ ይጠቅሙሃል፤ ያልጠቆረና ያልተሰነጠቀ ከሆነ። ቫሪስተር በወሰደው ጡጫ ልክ እያረጀ ስለሚሄድ እኔ ለራሴ ቤት አሮጌውን አልጠቀምም።

ከዚያው ፓወር ሰፕላይ 5ዲ-9 የሚል ጥቁር ወይ አረንጓዴ ክብ አግኝተህ ከሆነ እሱም እዚህ አይሆንም። ቀዝቃዛ ሲሆን 5 ኦም ነው። ሲነሳ የሚጠጣውን ጅረት ለማርገብ 220 ቮልት ላይ ምንም አይጎዳም። 12 ቮልት ላይ 0.8 አምፔር ቢያልፍበት 4 ቮልት ይበላብሃል። ሲሞቅ ቢቀንስም አንተ ጋ የሚሞቅበት አቅም የለውም።

ወደ ፊውዙ። «ላሳንሰው?» ላልከው መልሱ አዎ ነው፤ ምክንያቱ ግን አንተ ያልከው አይደለም። ሒሳቡን እንሥራ። ባንተ አምፖል ሦስት ነጭ ኤልኢዲ በተከታታይ 9.6 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ድራይቨሩ ላይ 0.33 ኦም ሬዚስተር ካደረግህ፣ የፒቲ4115 ቀመር 0.1 ለዚያ ሬዚስተር ሲካፈል ነውና 0.3 አምፔር ይሆናል። ወደ 2.9 ዋት ነው። ብክነቱን ጨምረህ ከባትሪው የሚወስደው 0.26 አምፔር ገደማ ነው። ሦስቱ 0.8። ፊውዝ በቋሚነት ከተጻፈበት ሦስት አራተኛ በላይ ባይጫን ጥሩ ነው። የ2 አምፔሩ ሦስት አራተኛ 1.5 ነው፤ ይበቃሃል፣ አንድ አምፖል ቢጨመርም ይችላል። ለአምፖል የምትዘረጋው ሽቦ ደግሞ ቀጭኑ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ካሬው ከሆነ 5 አምፔር ለሱ ብዙ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ 2 አምፔር።

ያንን 5 አምፔር ግን ቦታው ሌላ ነው። ከጥያቄህ እንደገባኝ ከባትሪው እስከ ኮንትሮለሩ ፊውዝ የለህም። እውነተኛው አደጋ እዚያ ነው። ፓኔል 3 አምፔር ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ባትሪ ግን ሽቦው ቢነካካ መቶዎች አምፔር ይለቃል። ሽቦውን አቅልጦ ሣር ክዳኑን ያነድዳል። ስለዚህ 5 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ይግባ። ሌላው ቢቀር ይህን ብቻ አድርግ።

ዓይነቱንም ቀይረው። የብርጭቆዋ ትንሿ ፊውዝ ለመቁረጥ የምትችለው ጅረት ውስን ነው፤ አብዛኞቹ 35 አምፔር ገደማ። ባትሪ በሙሉ ኃይሉ ሲመጣ ውስጧ ብልጭታው ሳይጠፋ ሊቀጥል፣ ብርጭቆውም ሊፈነዳ ይችላል። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ግባና ባለ ምላጩን የፕላስቲክ ፊውዝ ግዛ። እሱ ለ32 ቮልት ዲሲ የተሠራ ነው፤ ደህናው እስከ 1,000 አምፔር ይቆርጣል። ቀለሙንም ለባለቤቱ ማስረዳት ይቀላል። 2 አምፔር ግራጫ፣ 5 አምፔር ፈዘዝ ያለ ቡኒ፣ 10 አምፔር ቀይ ነው። «ቀይ እንዳታስገባ» ካልከው ይበቃል። መለዋወጫ ሁለት ሁለት ፍሬ በፕላስተር ክዳኑ ውስጥ ለጥፍለት። ካልለጠፍክለት የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ ያስገባል። አይቻለሁ። አንዱ ሚስማር አስገብቶ አይቻለሁ!

በየአምፖሉ መስመር ላይ ፖሊፊውዝ ብታደርግ ደስ ይለኛል። ሲሞቅ ይዘጋል፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይመለሳል። ሥራ ላይ 0.5 አምፔር የሚይዝ፣ ቮልቴጁ 60 የሆነ ምረጥ። በግምት በእጥፉ፣ በ1 አምፔር ይዘጋል። የበረቱ አምፖል ሾርት ቢያደርግ የቤቱ አይጠፋም። ግን ሳጥኑ ውስጥ ይሁን እንጂ አምፖሉ ውስጥ አታስገባው። 60 ዲግሪ በደረሰ ቦታ የመያዝ አቅሙን አንድ ሦስተኛ ያህል ያጣል። ባለቤቱ «መብራቱ ማታ ማታ ይደክመዋል» እያለ ይደውልልሃል።

መገልበጥን እንይ። ባትሪ እየተነቀለ የሚመለስበት ቤት አንድ ቀን ፖዘቲቩ ኔጋቲቩ ላይ ይታሰራል፤ በተለይ በጨለማ። ሞስፌት የሚሉህ ሰዎች አልተሳሳቱም። ሆኖም ላንተ 0.8 አምፔር 1ኤን5822 ሾትኪ በመስመሩ ላይ ብታደርግ ይበቃል። 0.4 ቮልት ገደማ ትበላለች፣ 0.3 ዋት ነው፣ እጅ አታቃጥልም። እቤትህ የምትገኝ ርካሽ ነገር እያለ ለምን ትቸገራለህ? አምፖሉ በዝቶ 2ና 3 አምፔር ሲሆን ነው ወደ ሞስፌት የምንሄደው። ያኔ ፒ-ቻናል የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ለምሳሌ አይአርኤፍ9540። እግሮቹ ሦስት ናቸው፤ ጌት፣ ድሬንና ሶርስ። ድሬኑ ወደ ባትሪ፣ ሶርሱ ወደ ጭነት ነው። ሰው ሁሉ ገልብጦ የሚያስገባው እዚህ ነው፤ ውስጡ ያለችው ዳዮድ በትክክለኛው አቅጣጫ ማሳለፍ አለባት። ጌቱ ከሶርሱ አንጻር ከ20 ቮልት በላይ አይችልም። ባንተ ቤት 23 ይመጣል። ስለዚህ ከጌት ወደ ሶርስ 12 ቮልት ዜነር፣ ከጌት ወደ ኔጋቲቭ 100 ኪሎ ኦም አድርግ። ትንሿ ኤኦ3401 ደግሞ ከ12 ቮልት በላይ አትችልም፤ ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ብቻውን 14.4 ነው። ብዙ ሰው «ሞስፌቱ ያለ ምክንያት ሞተ» የሚለው እሷን ይዞ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ከኮንትሮለሩ ስትነሳ ፊውዝ፣ ከዚያ ሾትኪው፣ ከዚያ ቲቪኤሱ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ፣ ከዚያ ፖሊፊውዞቹና አምፖሎቹ ነው። ቲቪኤሱ ከሾትኪው በኋላ ስለሆነ አንድ አቅጣጫው ይበቃል። ከሾትኪው በፊት ብታስቀምጠው ባትሪው ሲገለበጥ ተራ ዳዮድ ሆኖ ሾርት ያደርግና ፊውዙን ያቃጥልልሃል። እሱም ራሱን የቻለ ዘዴ ነው፣ የሚሠሩበት አሉ። ፊውዝ በሌለበት ገጠር ግን ሰውየውን ለቀናት በጨለማ ታስቀምጠዋለህ። የቲቪኤሱ እግሮች አጭር ይሁኑ። አምስት ሴንቲ ሜትር ሽቦ አስረህ ብታንጠለጥለው ማዕበሉ እሱን አልፎ ቀድሞት ይገባል።

ስለ መብረቅ አልጠየቅኸኝም። ክረምት ላይ ግን ትጠይቀኛለህ። ፓኔሉ ላይ በቀጥታ የወደቀን መብረቅ ምንም ዳዮድ አይመልሰውም። ራቅ ብሎ የወደቀው ግን በረጅሙ ሽቦ ላይ ቮልቴጅ ይወልዳል። ፖዘቲቩ በአንድ ግድግዳ ኔጋቲቩ በሌላ ግድግዳ ከሄደ መሃሉ ሰፊ ቀለበት ይሆንና ብዙ ይሰበስባል። ሁለቱን አብረህ ጠምዝዘህ አውርዳቸው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከቲቪኤሱ በፊት ግማሹን ሥራ ይሠራልሃል።

የባጃጁ መልስ አጭር ነው፤ ይኸን ሳጥን አታስገባበት። ሞተር ላይ ያለ ጀነሬተር ባትሪው በድንገት ሲላቀቅ የሚተፋው ፓኔል እንደሚሰጠው አይደለም። ለባለ 12 ቮልት ተሽከርካሪ አይኤስኦ 16750-2 የሚባለው የፍተሻ ደንብ የሚጠቀመው ጡጫ ማፈኛ በሌለበት ከ79 እስከ 101 ቮልት ነው፤ እስከ 400 ሚሊ ሰከንድም ይቆያል። ያንተ ቲቪኤስ የተለካው ለ1 ሚሊ ሰከንድ ነው። ለዚያ እነ ኤስኤም8ኤስ የሚባሉት ወፋፍራም ቲቪኤሶች አሉ፣ ወይም መግቢያው 60 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚችል ድራይቨር። የኮምቦልቻ ባጃጆች የባትሪ ጫፋቸው በምን እንደታሰረ ደግሞ አንተም ታውቃለህ። መጀመሪያ እሱን አጥብቅላቸው።

ወገል ጤና ከመመለስህ በፊት ሱቅህ ውስጥ ሁለት ነገር አድርግ። ያንኑ ኮንትሮለር ከፓኔልና ከባትሪ ጋር እሰረውና በጠራራ ፀሐይ ባትሪውን ንቀለው፤ የመብራቱ መውጫ ላይ ቴስተርህ ስንት እንደሚል እይ። 20ዎቹ ውስጥ ከገባ ያልኩህ ነው። ዝም ብሎ ወደ ዜሮ ከወረደ ኮንትሮለርህ ካሰብነው የተሻለ ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልገህ ጻፍልኝ።

ሁለተኛው፣ አዲሱን ሳጥን መጀመሪያ ስታስነሳ ባለ 21 ዋት የመኪና የፍሬን አምፖል በፖዘቲቩ መስመር ላይ በተከታታይ እሰር። የቤቱ አምፖሎች ጠፍተው ይቆዩ። የፍሬኑ አምፖል ሳይበራ ከቀረ፣ መውጫውም ላይ የባትሪው ቮልቴጅ ከሞላ ጎደል ካለ፣ ልክ ነህ፤ አምፖሉን አውጥተህ እሰረው። ጠፍቶ ቀርቶ መውጫው ላይም ምንም ቮልቴጅ ከሌለ ሾትኪዋን ገልብጠሃታል። ደምቆ ከበራ ደግሞ የተገለበጠው ቲቪኤሱ ነው፤ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ ነው የሚዞረው።